የ«በ» ሦስተኛ እግር

ጀዕፈር «በ»ን ሲጽፍ ሦስት እግር ያበጅላት ነበር። ሌላውን ፊደል ደህና አድርጎ ይጽፋል፤ «በ» ላይ ሲደርስ ግን እጁ አይቆምለትም። መሐሏ ላይ አንድ እግር ይጨምርና «ሐ» አድርጓት ቁጭ ይላል።

«በ ሁለት እግር ነው ያላት» እለዋለሁ። «ሦስተኛዋን ከየት አመጣሃት?»

«በሁለቱ እንዳትወድቅ ብዬ ነው፣ አስተማሪዬ» ይለኛል። «በርጩማ አይተሽ አታውቂም? ሦስት ሲሆን ነው የሚጸናው።»

አስተማሪዋ እንኳ እኔ አልነበርኩም። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፤ ሰባ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ ጅጅጋ፣ ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ። ልጅ ሆኜ እስከ ሁለተኛ ክፍል ስለተማርኩ ፊደሉን ትንሽ ትንሽ አውቀው ነበር። የምታስተምረን ዘማች ይህን አይታ «አንቺ ጎንሽ ያለውን እርጂ» አለችኝ። ጎኔ ያለው ጀዕፈር ነው። የጅጅጋ ልጅ፣ ሶማሌ፣ ሥራው ጎሚስታ። ጣቶቹ ከማስቲሽ የተነሳ እንደጠቆሩ ናቸው፤ እርሳሱን እንደ ካቻቢቴ ጨብጦ ነው የሚጽፈው።

እኔ ያኔ ሠላሳ ሊሞላኝ ነው። አሰላ ባል አግብቼ ፈትቼ፣ በእግር የምትረገጥ የስፌት መኪናዬን ይዤ ታላቅ ወንድሜን ተከትዬ የመጣሁ ሴት ነኝ። ወንድሜ ጋሼ ተሻለ ወታደር ነበር። በሶማሊያው ጦርነት ቀኝ እጁን ጥይት መታው፤ ጣቶቹ አልታዘዝ አሉ፤ ከዚያ ወዲህ የመንግሥት መጋዘን እየጠበቀ እዚያው ቀረ። እኔ ገበያው ዳር አንዲት ክፍል ይዤ ሱሪ እሰፋለሁ፣ ሽርጥ እዘመዝማለሁ። በራፌ ላይ ሆዶ የምትባል ሴት ወተት ትሸጣለች።

ትምህርቱ ሲያልቅ ጀዕፈር መምጣቱን አልተወም። ጉልበቱ ላይ የተቀደደች ሱሪ ይዞ ይመጣል። ያቺኑ አንድ ሱሪ ስድስት ጊዜ ጠገንኩለት። በስድስተኛው ቀዳዳውን ሳየው በምላጭ የተቀደደ ነው።

«ይሄን ምን ቀደደው?»

«ሽቦ።»

«ሽቦ እንዲህ ቀጥ አድርጎ አይቀድም።»

«ሥርዓት ያለው ሽቦ ነው» አለና አየኝ። እኔም አየሁት። ሆዶ በራፉ ላይ ሆና ሳቀች። ከዚያ በኋላ ሱሪ ማምጣት አላስፈለገውም፤ እንዲያው ይመጣል።

እንዲህ እንዲህ እያልን ዓመታት ሄዱ። እሱ እስላም እኔ ክርስቲያን፣ እሱ ሶማሌ እኔ የወታደር እህት። በሰባ ሰባት ጀዕፈር ዐቦኮር የሚባሉ ሽማግሌ ወደ ጋሼ ተሻለ ላከ። እኔ ጓዳ ነበርኩ። ጋሼ ሽማግሌውን በአክብሮት አስቀመጣቸው፤ ነገሩን ሲሰማ ግን የሞተውን እጁን በደህናው አንስቶ ጠረጴዛው ላይ አሳያቸው። ሽማግሌው ገባቸው፤ ተነሱ። መጋረጃውን ገልጬ ወጥቼ «እኔ እፈልገዋለሁ» ማለት እችል ነበር። አፌ አልከፈት አለኝ። ለሰው ሁሉ መልስ የማላጣ ሴት ያን ቀን መጋረጃውን በእጄ ጨብጬ ቀረሁ።

ጀዕፈር ሰባ ስምንት ላይ ወደ ጅቡቲ ወጣ። ሊሰናበተኝ ሲመጣ አልተቀመጠም።

«እጽፍልሻለሁ።»

«በ-ዎችህን አስተካክል» አልኩት።

ሌላ የምለው ነገር ጠፍቶኝ እኮ አይደለም። የምለው ሁሉ አንድ ላይ መጥቶብኝ ነው። እሱ ሳቅ ብሎ ሄደ፤ እኔ ባዶ መኪና ስረግጥ ዋልኩ።

* * *

ደብዳቤው የመጣው በሰባ ዘጠኝ ግንቦት ነው። ያመጣው ባሬ፣ ከድሬዳዋ ጅጅጋ ዕቃ የሚያመላልስ የከባድ መኪና ሾፌር፣ የጀዕፈር ወዳጅ። የሁለት ሱሪ ጨርቅ ሰጠኝ፣ ወገቡን ለካሁት፣ ከጨርቁ እጥፋት ውስጥ ወረቀቷ ወደቀች።

«ጨርቁ ይቆይ፣ እሷን ቶሎ አንብቢ» አለኝና ወደ መኪናው ሮጠ።

ደብዳቤዬን ራሴ ነው የማነበው። ፊደል የተማርኩት ለዚህ ነው። ሌላው ሰው ደብዳቤ ይዞ ገበያ ለገበያ አንባቢ ሲፈልግ፣ ምስጢሩን ለጸሐፊ ሲያስረክብ አያለሁ፤ እኔ በራሴ ዓይን እያንዳንዷን ፊደል ጠርቼ አነባለሁ። እንዲህ ይላል፤

«ለተከበርሽ ብርቄ። ሰላምታዬ ይድረስሽ። እኔ ደህና ነኝ። የአንድ ፈረንጅ ነጋዴ ሾፌር ሆኛለሁ። ሰውዬው ከነቤተሰቡ ለዕረፍት አገሩ ሲሄድ መኪናዋ እኔ እጅ ትቀራለች። አራት ቀን ለራሴ ልያዛት ብዬው እሺ ብሏል። አገሩን ላሳይሽ። ትንሽ አገር ነው፤ በአራት ቀን ይዞራል። በሐጋ፣ ሁለተኛዋ ጨረቃ በምትሞላበት ሳምንት፣ ሐሙስ ዕለት በባቡር ደወሌ ነይ። ጣቢያው ላይ እጠብቅሻለሁ። ቀን ቀን ጥላ ሥር እናርፋለን፣ ሲመሽ በጨረቃ እነዳለሁ። በመጨረሻው ቀን ጅቡቲ ከተማ አንዲት ቤት አሳይሻለሁ። ቁልፏ እኔ ጋ ነው። ከወደድሻት ያንቺም ናት። ባትመጪ አልቀየምሽም፤ ሁለተኛ ግን አልጠይቅም። ሰውዬው ጅዳ ሱቅ አለው፣ እዚያ ሂድልኝ ይለኛል። ካልመጣሽ እሺ ብዬው እሄዳለሁ። ጀዕፈር።»

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በሦስተኛው ሳቄ መጣ። «በሐጋ» ይላል። ያችን የቀበሌ አዳራሽ ሦስተኛ እግር ጅቡቲ ድረስ ይዟት ሄዶ መልሶ ላከልኝ! በበጋ ማለቱ ነው። ጅቡቲንስ ከበጋ ሌላ መቼ ይኬድባታል? ገና ሳይሄድ እንኳ «እዚያ በሐምሌ ድመት ከጥላ አትወጣም» ብሎኝ ነበር።

የስፌት ምላጬን አነሳሁ። መሐል ያለችውን እግር ፋቅ ፋቅ አድርጌ አጠፋኋት። «በበጋ» ሆነች። ጎበዝ ተማሪ የሚያርም ሰው ደስ እንደሚለው ደስ አለኝ።

«ምን ይላል?» አለች ሆዶ ከበራፉ።

«ሰላም ነው ይላል።»

«ለሰላም እንዲህ ፊትሽ ይበራል? አንብቢልኝ አባዮ።» አባዮ ማለት በእነሱ እህቴ ማለት ነው።

«ደብዳቤ የባለቤቱ ነው።»

«አንድ ቃል ብቻ። ከመሐሉ።»

«ምንም ቃል የለም አልኩሽ!»

ሆዶ ወተቷን ወደ መለካት ዞረች። እኔ ወረቀቷን አጥፌ ደረቴ ውስጥ ከተትኳት። መልሴንም በዚያው ቀን ጻፍኩና ባሬ ሲመለስ ሰጠሁት። «እመጣለሁ። ብርቄ» ነው የሚለው፤ ሌላ ፊደል አልጨመርኩበትም። ረጅም መጻፍ እጄን ያመኛል፤ ደግሞም ሴት ልጅ በደብዳቤ መቅለብለብ የለባትም ብዬ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የጉዞው ነገር ሥራ ሆነብኝ። የሱሪ ልክ የምቆርጥበት ካርቶን አለኝ፤ በጀርባው ያን ትንሽ አገር ሣልኩት። ቦታዎቹን የነገሩኝ ድሮ የምድር ባቡር ሠራተኛ የነበሩ አቶ ባህሩ ናቸው፤ ኮታቸውን ሊያስገለብጡ መጥተው። እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ በእርሳስ እጽፋለሁ። መጀመሪያ አሊ ሳቢህ፤ የጀዕፈር እህት እዚያ አለች፣ ምሳ እሷ ጋ። ሁለተኛ ቀን ዲኪል። ሦስተኛ ቀን አሳል የሚባል ሐይቅ፤ ውኃው ረግቶ ጨው ሆኗል አሉኝ፣ እንደ ነጭ ጨርቅ የተዘረጋ። አራተኛ ቀን ጠዋት ታጁራ፣ ባሕር፤ ማታ ያቺ የጅቡቲ ቤት። ባሕር አይቼ አላውቅም።

«ሙቀቱን ትችይዋለሽ?» አሉኝ አቶ ባህሩ።

«በበጋ ነው የምሄደው።»

«እ! በበጋማ ገነት ነው» አሉ።

ይኸው፣ ምስክር አገኘሁ። ከዚያ በኋላ ማን ቢነግረኝ እሰማለሁ?

ለመንገዱ የሚሆን ስስ ቀሚስ መስፋት ጀመርኩ። በሐምሌ አንድ ቀን፣ የእጅጌውን ዙሪያ ስመታ፣ ያ ከቆላ የሚመጣው ንፋስ ገበያውን በአቧራ ሞላው። ሆዶ የወተት ዕቃዋን በሻሿ እየከደነች ጮኸች።

«ሐጋ እኮ ነው! በዚህ በሐጋ አፈር የማልሸጥበት ቀን የለም!»

አፌ ውስጥ ሦስት ስፒል ነበር። «እም» አልኳት። ቀሚሱን ወደ ብርሃኑ አንስቼ ስፌቱ ቀጥ ማለቱን አየሁ። ቀጥ ብሏል። ደስ አለኝ።

በነሐሴ ባሬ መጣ። በፊት ሲመጣ ከመንገድ ማዶ ነው የሚጣራው፤ ያን ቀን ቀጥ ብሎ ገብቶ ቆመ። ዓይኔን አላየኝም።

«ሁለተኛውን ሱሪዬን ስጪኝ።»

«በሐምሌ አንዱን ወስደህ የለ? ጠበበህ እንዴ?»

አሁን አየኝ። እንዲያ ባላየኝ ይሻል ነበር።

«እኔን ምንም አልጠበበኝም» አለ። «የጠበበው ሌላ ሰው ነው።»

ሱሪውን ሳያጥፍ ይዞ ወጣ። ስፌቴን የናቀ መስሎኝ ተናደድኩ። ተከትዬው ወጥቼ «ምን ሆነሃል? ማነው የጠበበው?» ልለው እግሬ ተነስቶ ነበር። ከዚያ «እኔ ነኝ እንዴ የምለምነው?» አልኩ። ተመልሼ ተቀመጥኩ። የባሬ መኪና ሲነሳ ሰማሁት፤ አንድ የማላውቀው ነገር አብሮት የሄደ መሰለኝ፣ ግን ንዴቴ ከዚያ ይበልጥ ነበር።

* * *

ደወሌ ድንበር ስለሆነ ይለፍ ያስፈልጋል፤ ለይለፉ ደግሞ የመንግሥት ሠራተኛ ዋስ። በጥቅምት ወረቀቱን ይዤ ጋሼ ተሻለ ቤት ሄድኩ። ምሳውን እየበላ ነበር። ወረቀቱን ከሳህኑ አጠገብ አስቀመጥኩት።

«ደወሌ?» አለ አንብቦ። «ምን ልታመጪ?»

«የማመጣው የለም። ጀዕፈር ጋ ነው የምሄደው።»

ማኘኩን አቆመ። «ያ ጎሚስታ?»

«አሁን ሾፌር ነው።»

«ብርቄ፣ ይቺን እጅ እያየሽ?»

«እያየኋት ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ ሸሚዟን የምቆልፍላት እኔ ነኝ። እሱ አልመታህም ጋሼ። ያኔ የሰው ጎማ ይለጥፍ ነበር።»

«ወገኑ ነው።»

«ሆዶስ ወገኑ አይደለችም? በየጠዋቱ ወተቷን ትጠጣለህ፤ እሷ ናት የመታችህ?»

ወንድሜ ተቆጥቶ ይነሳል ብዬ ነበር። አልተነሳም። ሳህኑን ገፋ አደረገና ረዘም አድርጎ አየኝ።

«ሽማግሌው የመጡ ዕለት ጓዳ ነበርሽ።»

«ነበርኩ።»

«መጋረጃው ሥር ጫማሽን አይ ነበር። ትወጣለች፣ ትናገራለች ብዬ ጠበቅሁ። አንድ ቃል ብትናገሪ ምን እንደምመልስልሽ አላውቅም ነበር። ግን አልተናገርሽም። አትፈልገውም ማለት ነው አልኩ።»

«አንተን ፈርቼ ነዋ!»

«አንቺ?» አለ፤ ፈገግ ሊል ቃጣው። «አንቺ እኔን ፈርተሽ ታውቂያለሽ? የፈራሽው ሌላ ነገር ነው።»

ምን እንደሆነ አልጠየቅሁትም። ብዕሩን በግራ እጁ ያዘ። በግራ መጻፍ የተማረው ትልቅ ሰው ከሆነ በኋላ ስለሆነ ስሙን ለመጨረስ ብዙ ጊዜ ይወስድበታል። ተ… ሻ… ለ። እያንዳንዷን ፊደል ሲጎትታት ቆሜ ጠበቅሁ።

«ከተመለስሽ ቤትሽ ነው» አለ ወረቀቱን እየሰጠኝ። «ካልተመለስሽም… ጻፊልኝ። እንደ ልማድሽ ባጭሩ አይሁን።»

ከቤቱ ስወጣ ወንድሜን የዚያን ቀን ያህል ወድጄው አላውቅም። ያን ሁሉ ጊዜ ቆልፎብኛል ብዬ የኖርኩት በር ለካ በእሱ በኩል አልተቆለፈም ነበር።

* * *

የመስከረም ዝናብ ካባራ ወዲህ ጨረቃዎቹን ቆጥሬ፣ ሁለተኛዋ በምትሞላበት በኅዳሩ ሳምንት ወደ ድሬዳዋ ወረድኩ። ሐሙስ ባቡር ተሳፈርኩ። አዲሱን ቀሚሴን ለብሻለሁ፤ ካርቶኑን ለሁለት አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ይዣለሁ። ሽንሌ አለፈ፣ አይሻ አለፈ። አጠገቤ ሸሚዝ ልታመጣ የምትሄድ ነጋዴ ሴት ተቀምጣለች።

«ምን ትነግጃለሽ?» አለችኝ።

«ዛሬ ምንም አልነግድም።»

«ታዲያ ደወሌ ምን ይሠራልሻል?»

«የአራት ቀን ሽርሽር ነኝ» አልኳት። ቀልድ መስሏት እስክታነባ ሳቀች። እኔም አብሬያት ሳቅሁ፤ እውነቱን ተናግሬ ሰው ሲስቅ እንዲያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ደወሌ ወረድኩ። ሐዲድ፣ ድንጋይ፣ ፍየል፣ የሸራ ሱቆች። ሰው ሁሉ ተሸክሞ ሲበተን እኔ ቀሚሴን አራግፌ ቆምኩ። መኪና የለም። ይመጣል አልኩ። ፀሐዩ ጥሩ ነው፣ ለስላሳ ነው፤ «በበጋማ ገነት ነው» ያሉት ትዝ አለኝ። ባቡሩ ወደ ወዲያ ማዶ ተሻግሮ ሄደ። ሌላ ሰው ጣቢያው ላይ የቀረ የለም።

ከሐዲዱ ዳር በሸራ ጥላ ሥር ሻይ የምታፈላ ሴት አለች። ኋላ ስሟ ረቢዓ እንደሆነ ነገረችኝ፤ የድሬዳዋ ልጅ ናት። ጠጋ ብዬ ተቀመጥኩ።

«ሰው ትጠብቂያለሽ እህቴ?»

«አዎ። ከወዲያ የሚመጣ።»

«በመኪና?»

«በምን አወቅሽ?»

ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠች። «ስምሽ ማነው?»

«ብርቄ።»

ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። «አንቺ ነሽ ብርቄ?» አለች። «እንዲያ ስትጠበቂ ቆንጆ ትሆኛለሽ ብዬ ነበር።»

«ምን?»

«በሐጋ የት ነበርሽ?»

«በምን?»

«በሐጋ ነዋ! በሐምሌ! ያ ሰውዬ እዚች አንቺ የተቀመጥሽባት ላይ አራት ቀን በሐጋ ሲቃጠል አንቺ የት ነበርሽ?»

በሐጋ። ከሷ አፍ ሲወጣ ያች ፊደል ሦስቱም እግሯ አላት። ሆዶ በአቧራው ውስጥ ስትጮህ ሰማኋት። «በዚህ በሐጋ!» አፌ ውስጥ ስፒል ነበር። እኔ ቃሉን ስምንት ዓመት በጆሮዬ ስሰማው ኖሬያለሁ፤ በወረቀት ላይ ስላላየሁት አላወቅሁትም። የዝናቡ ክረምት እኛ ጋ ያለበትን፣ ሙቀቱና ንፋሱ እነሱ ጋ ያለበትን ያንን ጊዜ ነው ሶማሌዎች ሐጋ የሚሉት። ፈረንጁ ለዕረፍት የሚሄደው ያኔ ነው፤ ከሙቀቱ ሸሽቶ። መኪናዋ ጀዕፈር እጅ የምትቀረው ያኔ ነው። ቀን ጥላ ሥር የምናርፈው፣ በጨረቃ የሚነዳው ለዚህ ነው። እኔ የፍቅር ነገር መስሎኝ!

ደብዳቤውን ከደረቴ አወጣሁ። ወደ ፀሐዩ አነሳሁት። ምላጬ የፋቀው ቦታ ሳስቶ ብርሃን ያሳልፋል፤ እግሯ የነበረችበት ቦታ ቀዳዳ ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው። ከዚያ ያላየሁትን አየሁ። «ብርቄ» ሲል፣ «ቤት» ሲል፣ «በባቡር» ሲል፣ አንዷም እንኳ ትርፍ እግር የላትም። እዚያው ቃል ላይ፣ ከፋቅኋት ጎን፣ «በ» በሁለት እግሯ ቀጥ ብላ ቆማለች። በ እና ሐ ጎን ለጎን። ተምሮ ነበር። እኔ እንዳስተማርኩት አድርጎ አስተካክሎ ጽፎልኝ ነበር፤ ያበላሸሁት እኔ ነኝ።

«ምን ሆንሽ?» አለች ረቢዓ፤ ድምጿ ተለወጠ።

«ንገሪኝ» አልኳት። «እንዴት ነበር የጠበቀኝ? ሁሉንም ንገሪኝ።»

«ምን ያደርግልሻል?»

«ንገሪኝ አልኩሽ።»

ነገረችኝ። በመጀመሪያው ቀን ተላጭቶ፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ መጣ። ቁልፍ ጣቱ ላይ እያዞረ ይስቃል። ባቡሩ ሲመጣ ከፉርጎ ፉርጎ ሮጠ። አልነበርኩም። «ዕቃ ሰብስባ ነው፣ ነገ ትመጣለች፤ እመጣለሁ ብላ ጽፋልኛለች፣ እሷ ያለችውን ሳታደርግ አትቀርም» አላት። በሁለተኛው ቀን የባቡር ሠራተኞቹን ጠየቀ። በሦስተኛው ቀን ቁልፉን ማዞር ተወ። ሙቀቱ ሰው ይጥል ነበር፤ ግባ መኪናህ ውስጥ ብትለው፣ ከመኪናው ሆኜ አታየኝም አለ።

«በአራተኛውስ?»

ረቢዓ መሬት መሬት አየች። «በአራተኛው ቀን ባቡሩ ሲመጣ አልተነሳም። ቁጭ ብሎ አሳለፈው።»

ከሣጥኗ ሥር በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አወጣች። የሴት የፀሐይ መነጽር ነው። «ጨው ዓይን ያጠፋል፤ ከመጣች ስጪልኝ ብሎኝ ነው። በመስከረም ወደ ጅዳ አልፏል አሉኝ። ልሸጠው ነበር» አለች። «እግዜር… አላህ ይወቀው፣ እጄ እምቢ አለኝ።»

ይለፌ የሰባት ቀን ነበር። ወዲያ ማዶ የአሊ ሳቢህ ተራሮች ይታያሉ፤ ካርቶኔ ላይ የመጀመሪያው ቀን ምሳ። አየኋቸው። ከዚያ መነጽሩን ዓይኔ ላይ አደረግሁ፤ በሚመለሰው ባቡር ውስጥ እስከ ድሬዳዋ አላወለቅሁትም። አጠገቤ ያሉት ዘናጭ መስያቸው ይሆናል።

* * *

ባሬን በታኅሣሥ መኪናው ፊት ቆሜ ነው ያስቆምኩት። ደብዳቤውን ዘርግቼ፣ የፋቅሁትን አሳይቼ ነገርኩት። መሪው ላይ ግንባሩን ደፋ።

«በአንዲት እግር?» አለ። «ወላሂ፣ በአንዲት እግር?»

ረጅም ደብዳቤ ጻፍኩ። በሕይወቴ ረጅሙን፤ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ያንን የተፋቀውን ወረቀት ጨምሬ ላክሁለት። ባሬ በጅቡቲ ባቡር ለመርከብ ሰዎች አደረሰው። መልስ ሳይመጣ ዓመት አለፈ፤ በሁለተኛው ዓመት ባሬ «ጀዕፈር ጅዳ አግብቷል፤ ሴት ልጅ ወልዷል» አለኝ። «እግዜር ያሳድግለት» አልኩ። አፌ አለ። ልቤም ኋላ፣ ቀስ ብሎ አለ።

ወረቀቷ የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው፣ በሰማንያ አንድ ሐምሌ። ንፋሱ ጀምሯል፤ ሆዶ ዕቃዋን እየከደነች ከሐጋ ጋር ትጣላለች። ባሬ አራት ጊዜ የታጠፈች ወረቀት ሰጠኝና እንደ ድሮው ሳይቆም ሄደ።

ከፈትኳት። ሰላምታ የላትም፣ ስም የላትም። መሐሏ ላይ አንዲት ፊደል ብቻ አለች፤ እርሳስ እንደ ካቻቢቴ በሚጨብጥ እጅ ጠበቅ ተደርጋ የተጻፈች፣ ያች የቀበሌ አዳራሽ «በ»፣ ከነሦስተኛ እግሯ። ከሥሯ «ለአስተማሪዬ» ይላል። እዚያ ቃል ውስጥ «በ» የለም፤ ሌላ ፊደል ሁሉ ደህና አድርጎ ነው የሚጽፈው።

«ምን ይላል?» አለች ሆዶ። ብትጠይቅም እንደማልነግራት ታውቃለች፤ ከልማዷ ነው።

ተነስቼ ወጣሁና ወረቀቷን እጇ ላይ አስቀመጥኩላት። ማንበብ አትችልም፤ ግን አገላብጣ አየቻት።

«አንዲት ፊደል? ይሄን ያህል ባሕር ተሻግራ?»

«አዎ። አውቆ ተሳስቶ ነው የጻፋት። አንድ እግር ትርፍ አላት።»

ሆዶ መኪናዬ ላይ ያለውን ምላጭ አየች፤ እኔን አየች። «ታዲያ አስተካክይለታ፣ አባዮ።»

«አይ» አልኳት። «ትቆይ።»